ከውጤቱ ጀርባ

የ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲገለጽ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በዚህ እትም የገጠር ወረዳ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ስናነጻጽር የተነሣነው ከዚህ ቁጥር ነው፤ ግን እዚያ አላቆምንም።

የወረዳው ከተማ አንጋፋ ትምህርት ቤትና በቅርቡ ገጠር ቀበሌ ውስጥ የተከፈተው በአንድ ሚዛን ሲቀመጡ ሁለተኛው ይቀልላል። ቤተ ሙከራው ብዙ ጊዜ ባዶ ክፍል ነው፤ የፊዚክስ መምህሩም ዝውውር ይጠብቃል። በከተማውም ቢሆን ቤት ተከራይቶ የሚማር የገበሬ ልጅ አለ። ቅዳሜ ስንቅ ሊያመጣ ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል፣ እሑድ ተሸክሞ ይመለሳል፣ ሽሮውን ራሱ ሠርቶ ያጠናል። ለልጃገረዶቹ የመንገዱ ስጋት ይጨመርበታል። ይህን ልጅ ተማሪ መርጦ ከሚቀበል አዳሪ ትምህርት ቤት ጋር በአንድ ሰንጠረዥ መደርደር ፍርደ ገምድልነት ነው።

ስለዚህ ከውጤቱ ጎን የመንገዱን ርቀት፣ የመምህራኑን ቆይታና ትምህርት የሚያቋርጡ ሴት ልጆችን ጉዳይ አስቀምጠናል። ርእሰ መምህራን፣ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ባልደረቦችና ወላጆች፣ የምታውቁትን ጻፉልን፤ በሚቀጥለው እትም ቦታ እንሰጠዋለን።