ተክሊልና ሰማንያ

የአራዳ ጊዮርጊስን ደጅ ተሳልሞ ዘወር ለሚል ሰው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ይታየዋል፤ ከሐውልቱም ማዶ የከተማው ማዘጋጃ ቤት ቆሟል። በ2016 ዓ.ም. ብዙ አሮጌ የፒያሳ ቤቶች ሲፈርሱ እነዚህ ሁለቱ ባሉበት ቀሩ። በአንደኛው ቤት ካህን ሙሽሮችን በተክሊል ያከብራል፥ ሥጋውንና ደሙንም ያቀብላቸዋል፤ በሁለተኛው ደግሞ የከተማው ሰው ብዙ ዘመን በምስክሮች ፊት የጋብቻ ውሉን ሲፈርም ኖሯል። በመካከላቸው ያለው መንገድ ጥቂት እርምጃ ነው፤ ነገር ግን አንዱ ቤት ሌላው አይደለም። ዛሬ የምጽፈውም ስለ እነዚህ ጥቂት እርምጃዎች ነው።

በአደባባይም በየጉባኤውም «የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ በመንግሥት ሕግ ይፈቀድ የሚል ሰው ሃይማኖቱን ክዷል» ሲባል እንሰማለን። ይህ አነጋገር ሁለቱን ቤቶች አንድ አድርጎ የሚቀላቅል ስሕተት ነው ብዬ እከራከራለሁ። ማንም በከንቱ እንዳይጠረጥረኝ አስቀድሜ ልናገር፤ ተክሊል በወንድና በሴት ላይ የሚፈጸም ምሥጢር ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሥርዓቱ ይለወጥ ብዬም አልለምንም። የምለው ይህን ብቻ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የማትባርከውን ውል መንግሥት ለዜጋው ቢፈቅድ፥ ምእመንም ይህን ቢደግፍ፥ ከእምነቱ አልወጣም። ምክንያቴንም ከባዕድ አገር ሳይሆን ከአባቶቻችን ልማድ አወጣለሁ።

በአገራችን ሰማንያ የሚባል ጋብቻ መኖሩን የማያውቅ የለም። ሽማግሌ ተቀምጦ፥ ዋስ ተጠርቶ፥ ምስክር ቆሞ የሚደረግ የዓለም ውል ነው፤ ተክሊል የለበትም፥ ቁርባን የለበትም፤ ባልና ሚስት ባይስማሙ ይፈርሳል። አብዛኛው ምእመን ስንት ዘመን የኖረው በዚህ ነው። ቤተ ክርስቲያንም ሰማንያን ከቁርባን ጋር አንድ አላደረገችም። በሰማንያ የኖረው ሰው ከቅዱስ ቁርባን ርቆ በቅጥሩ ቆሞ አስቀደሰ፤ ነገር ግን የንስሐ አባት አልተነፈገም፥ ልጆቹ ክርስትና ተነሡ፥ በሞተም ጊዜ ተፈታ። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ከእቴጌ ጣይቱ ጋር በ1875 ዓ.ም. በቁርባን ከመጋባታቸው በፊት ከወይዘሮ ባፈና ጋር ያለ ቁርባን ብዙ ዓመት ኖረዋል። ለዚህ ሲባል ወኅኒ ይከፈት ያለ ካህን አልነበረም። እንግዲህ አባቶቻችን ያልባረኩትን ጋብቻ ሕግ ሲያጸናው ማየትን ለምደው ኖረዋል፤ ይህንንም ክህደት አላሉትም።

«ሰማንያ እኮ የወንድና የሴት ነው፤ ይህ ግን ተፈጥሮን የሚቃወም ነው» የሚለኝ ይኖራል። ልዩነቱን አልክድም። ነገር ግን ክርክሬ ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው ለማለት አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያን አለመባረክ ብቻውን የመንግሥትን ውል ሊከለክል እንደማይገባ ለማሳየት ነው። ዛሬ የአገሪቱ ሕግ ከምለው የራቀ መሆኑንም አልሸሽግም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ስለ ጋብቻ ሲደነግግ ወንዶችንና ሴቶችን ይጠራል፤ የ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግም ጋብቻን የወንድና የሴት ውል አድርጎ ያውቃል። ነገር ግን ያው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፥ አንዱም በሌላው ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ይላል። ይህ ቃል መንግሥት በቅኔ ማኅሌታችን እንዳይገባ የሚጠብቀን አጥር ነው፤ አጥሩን እኛው ብንነቅለው ነገ በማን እንከሳለን?

ከጋብቻው በፊት ግን የሚበልጥ ነገር አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ግብረ ሰዶም የፈጸመውን በቀላል እሥራት ይቀጣል። ይኸው ሕግ በአንቀጽ 652 አመንዝራነትን ይቀጣል፤ ነገር ግን የተበደለው ባል ወይም ሚስት አቤት ካላለ ክስ የለም። ያልተጋቡ ወንድና ሴት ለአካለ መጠን ደርሰው በፈቃዳቸው ቢተኙ ደግሞ ከሳሽም ቅጣትም የለባቸውም። ሦስቱንም ቤተ ክርስቲያን ኃጢአት ትላቸዋለች። ታዲያ ለአመንዝራው ጎረቤታችን ንስሐ፥ ለዚህኛው ግን ወኅኒ የምንለው በየትኛው ቀኖና ነው? ኃጢአት ሁሉ ወንጀል ይሁን ከተባለ ከመካከላችን ማን በቤቱ ያድራል? በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ድንጋይ ይዘው የመጡት ሰዎች ሕግ ጠቅሰው ነበር የመጡት፤ ድንጋያቸውን ጥለው የሄዱት ግን የገዛ ኅሊናቸው ወቅሷቸው ነው።

ተቃዋሚዎቼ አንድ ብርቱ ማስረጃ አላቸው፤ እርሱን መሸሽ አይገባም። በስዊድን አገር እ.ኤ.አ. በ2009 የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ በሕግ ተፈቀደ፤ በዚያው ዓመት የስዊድን ቤተ ክርስቲያን በጸሎት ለማጋባት ወሰነች። ስለዚህ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ2005 ዓ.ም. ከእርስዋ ጋር የነበራትን የቆየ ኅብረት አቋረጠች። «እነሆ፥ ዛሬ በማዘጋጃ ቤት የገባው ነገ በመቅደስ ይገባል» ይሉናል። እኔ ግን ከዚሁ ታሪክ ሌላ ነገር እማራለሁ። የስዊድን ቤተ ክርስቲያን የወሰነችው በገዛ ጉባኤዋ ነው፤ የአገሩ ሕግ ማንንም ካህን አጋባ ብሎ አያስገድድም። መካነ ኢየሱስም «ከዚህ አልተባበርም» ስትል የከለከላት መንግሥት የለም። ሁለቱም እንደ እምነታቸው ያደረጉት ነጻ ስለ ነበሩ ነው።

ወደ አፍሪካችን ብንመለስ ደግሞ የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ይህን ጋብቻ እ.ኤ.አ. በ2006 ፈቀደ። ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ በአደባባይ የእነዚህን ሰዎች መብት ሲደግፉ ኖሩ፤ ቤተ ክርስቲያናቸው ግን የጋብቻ ሥርዓቷን አልለወጠችም። ልጃቸው ሴት ባገባች ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2016 የክህነት ፈቃዷን መለሰች። ሕጉ አንድ ነገር ፈቀደ፥ ቤተ ክርስቲያኒቱ በሥርዓቷ ጸናች፤ ሊቀ ጳጳሱም እስከ ዕለተ ሞታቸው የዚያችው ቤተ ክርስቲያን አባት ነበሩ።

ስለ ሰዶም የሚጠቅሱልን ሁሉ ደግሞ ትንቢተ ሕዝቅኤልን ምዕራፍ 16 ቁጥር 49 እንዲያነቡ እለምናለሁ። ነቢዩ የሰዶምን በደል ሲቈጥር ትዕቢትን፥ ጥጋብን፥ የድኻውን እጅ አለማጽናትን ያነሣል። እንግዲያስ የሰዶም ስም በሌላው ላይ ብቻ የሚለጠፍ አይደለም፤ በአራዳ መንገድ ድኻውን ረግጦ የሚያልፈውን ሁሉ ይመለከታል።

በ2001 ዓ.ም. የየሃይማኖቱ መሪዎች በአንድነት ተሰብስበው በሕገ መንግሥት ጭምር ክልከላ ይጻፍ ብለው ጠየቁ። በ2015 ዓ.ም. በነሐሴ ወር የአዲስ አበባ የጸጥታ ቢሮ ይህ ይፈጸምባቸዋል በተባሉ ሆቴሎችና መጠጥ ቤቶች ላይ እርምጃ መውሰዱን አስታወቀ። ከዚህ በኋላ አንድ ወጣት ወደ ንስሐ አባቱ መጥቶ የልቡን ሊናገር ቢያስብ ምን ይፈራል? የካህኑን ቀኖና አይፈራም፤ ቀኖናን ሽቶ መጥቷልና። የሚፈራው ምሥጢሩ ከመቅደሱ ወጥቶ ፖሊስ ጣቢያ እንዳይደርስ ነው። በዚህ ፍርሃት ከደጀ ሰላም የቀረች ነፍስ ከማን እጅ ትጠየቃለች? ወኅኒ ሰውን ይሰውራል እንጂ ንስሐ አያስገባም።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 አገልጋዮቹ እንክርዳዱን እንንቀል ባሉ ጊዜ ጌታቸው ስንዴውን አብራችሁ እንዳትነቅሉ ብሎ ከለከላቸው፤ እስከ መከር ተዉት አላቸው። እኛ አገልጋዮች እንጂ አጫጆች አይደለንም። ስለዚህ ካህኑ በመቅደሱ ተክሊሉን እንደ ሥርዓቱ ይጠብቅ፤ ከመንገዱ ማዶ ያለውም ቤት ሁለት ሰዎች ንብረታቸውን የጋራ ሊያደርጉ፥ በሕመምም በእርጅናም ሊጦሩ ቢዋዋሉ ውላቸውን ይመዝግብ። ይህን የሚል ምእመን ሁለቱን ደጆች ለይቶ ያወቀ ነውና ከሃዲ አይባል።