ቆረጥኩት፤ ማንም አልሞተብኝም

አዎ፣ ቆረጥኩት። በቶንዶስ፣ ቁጥር ሁለት። ማንም አልሞተብኝም፣ ጤናዬም ደህና ነው፣ ከባለቤቴም አልተጣላሁም። ፎቶውን ከለጠፍኩ ወዲህ ሰላምታ እንኳን ሳያስቀድም እነዚህን ሦስት ነገሮች የጠየቀኝ ሰው ስለበዛ፣ ለሁላችሁም አንዴ ልመልስ ብዬ ነው።

የሐዘኑ ጥያቄ ይገባኛል። እናቶቻችን ሰው ሲሞትባቸው ጸጉራቸውን ይላጩ ነበር፤ አሁንም የሚላጩ አሉ። እዚሁ ፉሪ አንዲት እናት መንገድ ላይ አስቁመውኝ «እግዜር ያጥናሽ ልጄ፣ ማን ነው?» ሲሉኝ አልተቀየምኩም። «ማንም እማማ፣ ሙቀቱ ነው» አልኳቸው፤ ስቀው መርቀውኝ አለፉ።

ያልገባኝ የሌሎቻችሁ ነው፤ «ቲቸር፣ ይሄ እኮ ባህላችን አይደለም» ያላችሁኝ። አንዳንዶቻችሁን ታሪክ ያስተማርኳችሁ እኔ ነኝ! የማን ባህል?

«ሳዱላ» የሚለውን ቃል ታውቁታላችሁ። ቆንጆ ልጃገረድ ማለት ብቻ መስሏችሁ ይሆናል። ቃሉ ግን ከጸጉር ነው የመጣው፤ ከራሷ ላይ ከፊሉን ተላጭታ ከፊሉን ያስቀረች፣ ገና ያላገባች ልጅ። ሙሉውን ማሳደግ ከጋብቻ ጋር የሚመጣ ነገር ነበር። ጋሜና ቁንጮም አሉ፤ አያቶቻችሁን ጠይቁ። ምላጭ በኢትዮጵያዊት ራስ ላይ ከኔ አልጀመረም። እንግዳው ነገር እስከ ወገብ የሚወርደው ቀጥ ያለ ጸጉር ነው፤ እሱም በካርቶን ታሽጎ ከውጭ የሚገባ። ዊግ የምታደርጉትን አልነቅፍም፣ አምሮባችኋል። ግን ዊግ አድርጋችሁ ስለ ባህል አታስተምሩኝ።

ነገሩ በኔ ራስ ላይ ቢያበቃ ዝም እል ነበር። ትምህርት ቤት በር ላይ ግን አላበቃም። ጠዋት ጠዋት በአንድ ትምህርት ቤት በኩል ሳልፍ አስር፣ አስራ አምስት ወንዶች ልጆች ከአጥር ውጭ ቆመው አያለሁ። ጥፋታቸው ጸጉር። አንዱ መቀስ ይዞ የልጁን መሀል አናት ይሸነትረዋል፤ እንዲያምርበት ሳይሆን አፍሮ እንዲላጨው። ልጁ ቤቱ ይሄዳል፤ እናቱ ሥራ ወጥታለች፣ ለጸጉር ቤት የሚከፈል ብር የለም። ቀኑ እንዲሁ አለቀ። ያመለጠውን የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ማን ይመልስለታል?

«ንጽህና ነው፣ ቅማል ነው» ይሉኛል። የሴቶቹ ጸጉር ከወንዶቹ ይረዝማል፤ በቅማል ሰበብ ከበር የተመለሰች ሴት ልጅ አላየሁም። እንግዲህ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ሴት ከቆረጠች ጉድ፣ ወንድ ካሳደገ ዱርዬ።

ሹሩባ ደግሞ «ከፈረንጅ የመጣ ዱርዬነት» ተብሏል። አፄ ቴዎድሮስ ሹሩባ ነበራቸው። አፄ ዮሐንስ አራተኛም። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ቴዎድሮስ ሲሞቱ እንግሊዞች ከጸጉራቸው ቆርጠው ወሰዱ፤ ለንደን ያለው የጦር ሠራዊት ሙዚየም ለመንግሥታችን ያስረከበው መጋቢት 2011 ዓ.ም. ነው። ከ150 ዓመት በኋላ! ያኔ ሁላችንም ደስ ብሎን አጨበጨብን። የንጉሥ ዘለላ ጸጉር ከባሕር ማዶ እናስመልሳለን፣ ያንኑ ሹሩባ የተሠራውን የፉሪን ልጅ ግን በር ላይ እንሸነትራለን። የ1960ዎቹን አፍሮማ ተዉት፤ መቀስ የያዘው ሰውዬ የአባቱን የወጣትነት ፎቶ አውጥቶ ይመልከት።

ከናንተ መሀል ዛሬ መምህር፣ ርዕሰ መምህርም የሆናችሁ አላችሁ። ደንብ ይኑራችሁ፣ አልከለክልም። ለወላጅ ጻፉ፣ ቀን ስጡ። ልጁን ግን አስገቡትና ይማር፤ መቀሱንም ለጸጉር ቤት ተዉለት።

በተረፈ የት ጠፋችሁ? የሐዋሳው፣ ልጅ መውለድህን ከሰው አፍ መስማቴ ቅር ብሎኛል፤ ስሙን ማን አላችሁት? ዱባይ ያለሽው፣ የላክሽው ቡና ደርሶኛል (ከዱባይ ወደ አዲስ አበባ ቡና! ይሁን)። የነርሲንጎቹ፣ መመረቂያችሁ መቼ ነው? ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ፤ ደውሉ። ስለ ጸጉሬ ካልሆነ።