ርካሽ ዘንግ፣ ውድ ቅዳሜ

ሐይቅ በሌለበት ከተማ ተቀምጦ ስለ ዓሣ ማጥመጃ መጻፍ ጅልነት ቢመስላችሁ አልፈርድባችሁም። ጭሮ ተራራ እንጂ ሐይቅ የላትም። እኔም ቀን በባንክ መስኮት ውስጥ የሰው ገንዘብ እየቆጠርኩ፣ ማታ ግጥም ቢጤ እየሞካከርኩ የምኖር ሰው ነኝ፤ ዓሣ አጥማጅ ተብዬ አላውቅም። የማጥመጃ ዘንግና ማጠንጠኛ ልገዛ ማሰቤን የሰሙ ባልደረቦቼ በምሳ ሰዓት ሳቁብኝ። አንዱማ፣ «መጀመሪያ ወንዙን ግዛ» አለኝ።

ሳቁ አላስከፋኝም። ያስከፋኝ ከሳቁ በኋላ የመጣው ምክር ነው። የመጀመሪያው መካሪ፣ «ዘንግ ዘንግ ነው፤ ርካሹን ግዛና ተገላገል» አለኝ። ሁለተኛው፣ «ወይ ስም ያለውን የጃፓን ዕቃ ግዛ፣ ወይ ነገሩን እርግፍ አድርገህ ተው» አለኝ። ሦስተኛው ደግሞ፣ «ዓሣ የፈለገ መረብ ይጥላል፤ ዘንግ የፈረንጅ መጫወቻ ነው» አለኝ። ሦስቱም ተሳስተዋል። የተሳሳቱትም እንዲያው በዕቃ ምርጫ ብቻ አይደለም። ስሕተታቸው ምን እንደሚያስከፍል አይቻለሁና ዝም ማለት አልቻልኩም።

የእህቴ ልጅ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ከሰዓት በኋላ የት እንደሚውል ጭሮን፣ ገለምሶን፣ በደሳን፣ ሂርናን የሚያውቅ ሁሉ ሳልነግረው ያውቀዋል። በርጫ ላይ ነው። ጫት ለሐረርጌ ገበሬ የልጆቹ ደብተርና የቤቱ ቆርቆሮ መሆኑን አልክድም፤ የገበሬውን ላብ የምረግም ሰው አይደለሁም። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ከሰዓቱን ሁሉ ግድግዳ ተደግፎ ሲያሳልፍ ማየት ግን ያንገበግበኛል። «አትሂድ» ማለት ቀላል ነው። «ታዲያ የት ልሂድ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ማግኘት ነው የሚከብደው።

መልስ ያገኘሁ መሰለኝ። አንድ ቅዳሜ በሰቃ ሐይቅ ልወስደው ቃል ገባሁለት። ለዚሁ ስል ከአንድ ገበያ አንድ ሳጥን ገዛሁ፤ እየተሳበ የሚረዝም ዘንግ፣ ማጠንጠኛ፣ ክር፣ ከጎማ የተሠሩ ትናንሽ ዓሦች፣ ሁሉም በአንድነት፣ በሚያስገርም ርካሽ ዋጋ። መንገዱ ሰላም በሆነበት ቅዳሜ ሚኤሶን፣ አሰቦትን፣ ቦርደዴን፣ አዋሽ ሰባትን አልፈን መተሐራ ደረስን። በሰቃ ከስድሳና ሰባ ዓመት በፊት 3 ካሬ ኪሎ ሜትር የማይሞላ ውሃ ነበር፤ ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተንጣልሎ አስፋልቱንና ሐዲዱን ሲገፋ ይታያል። ከፈንታሌ ወርዶ የረጋው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እስከ ዳሩ ድረስ ተዘርግቷል። ልጁ ይህን ሲያይ ለመጀመሪያ ጊዜ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

በሦስተኛው ሰዓት አምባዛ ያዘለት። ጮኸ። ዘንጉ ጎበጠ፤ ከዚያም እንደ ሸንበቆ ቀጭ ብሎ ከሁለተኛው መገጣጠሚያ ተሰበረ። የማጠንጠኛው ፍሬን ክር መልቀቅ ሲገባው ተነክሶ ቀረ። ክሩ በጠሰ። ነገሩ ሁሉ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ልጁ ስብርባሪውን አጣጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተና፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ «አቦ ጋሼ፣ ይሄ ነገር የኛ አይደለም» አለኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ በርጫው ላይ ነበር።

«ይሄ ነገር የኛ አይደለም»። ሳጥኑን የሸጠልን ሰው የወሰደብን ያን ጥቂት ብር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። የወሰደብን አንድ ልጅ «የኔ ነው» ሊለው የነበረውን ነገር ነው። መጫወቻን መሣሪያ ብሎ መሸጥ፣ ለተማሪ ቀለም የሌለው እስክሪብቶ ሸጦ «መጻፍ አትችልም» እንደማለት ነው። ድክመቱ የዕቃው ሆኖ ሳለ ልጁ የራሱ ያደርገዋል።

ለመሆኑ ያ ሳጥን ለምን አይሠራም? የጎማ ዓሣ ማለት ከለስላሳ ፕላስቲክ የተሠራ፣ የእርሳስ ራስ ባለው መንጠቆ ላይ የሚሰካ ማባበያ ነው። እንደ ትል ሽታ የለውም፤ እንደ ሕያው ዓሣም ራሱ አይዋኝም። ነፍስ የሚዘራበት የአጥማጁ እጅ ነው፤ የእጁ ንቅናቄ በዘንጉ ጫፍ አልፎ ነው የሚደርሰው። ክብደቱ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 20 ግራም ነው። ይህን ቀላል ነገር ወፍራምና ግትር ዘንግ አርቆ አይወረውረውም። ዓሣው ጎርሶ፣ ሐሰት መሆኑን ዐውቆ እስኪተፋው ያለው ጊዜ ደግሞ እጅግ አጭር ነው፤ ጫፉ የደነዘዘ ዘንግ ያን ንክሻ ለእጅ አይናገርም። ስለዚህ ለዚህ ዓይነቱ ማጥመድ «ዘንግ ዘንግ ነው» ማለት ፍጹም ሐሰት ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው መካሪ ልዙር። እርሱ ስም አምላኪ ነው። ሺማኖና ዳይዋ ደግ ዕቃ እንደሚሠሩ አልክድም። ነገር ግን ሺማኖ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1921 ሥራ ሲጀምር የብስክሌት ጥርስ ይሠራ የነበረ ድርጅት ነው፤ ከሰማይ የወረደ ስም የለም። ደግሞስ በማን ደሞዝ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲወሰን እኔ መስኮቱ ውስጥ ነበርኩ። በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን ሲያልፍ ቁጥሩን በእጄ ጽፌዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ማናቸውንም ዕቃ «ምርጡን ግዛ» ብሎ ለደመወዝተኛ መምከር፣ «አትግዛ» ከማለት አይለይም። ስም አምላኪውና የሳጥን ነጋዴው ጠላቶች ይመስላሉ፤ ግን ልጁን የሚያደርሱት አንድ ቦታ ነው። አንዱ ሰብሮ፣ ሌላው አስፈራርቶ፣ «የኛ አይደለም» ያሰኙታል።

በሁለቱ መካከል መንገድ አለ። ገንዘብ መደልደል ሥራዬ ነውና ድልድሉን ልንገራችሁ። ለዚህ ነገር 10 ብር ቢኖራችሁ፣ 5ቱን ለማጠንጠኛው፣ 3ቱን ለዘንጉ፣ 1ዱን ለክሩ፣ 1ዱን ለመንጠቆና ለጎማ ዓሦቹ አድርጉት። ዘንግ በመካከለኛ ዋጋ ደህና ይገኛል፤ በርካሽነት ቶሎ የሚሞተው ማጠንጠኛ ነው፤ የሚንቀሳቀሱ ጥርሶች ያሉት እርሱ ነውና።

ዘንጉ 2.1 ሜትር ያህል፣ ሁለት ቦታ የሚገጣጠም ይሁን እንጂ እንደ አንቴና እየተሳበ የሚረዝም አይሁን። ተነጣጥሎ በሚኒባስ ውስጥ ያለችግር ይገባል። እጀታው አጠገብ የተጻፈውን አንብቡ፤ ከ5 እስከ 20 ግራም ለሚመዝን ማባበያ የተሠራ ከሆነ ይበቃል። ከካርቦን የተሠራ ንክሻን አጥርቶ ይናገራል፤ ካርቦንና ፋይበር ግላስ የተቀላቀለበት ደግሞ የጀማሪን ስሕተት ይታገሣል፣ ዋጋውም ይቀላል። ክሩ የሚያልፍባቸውን ቀለበቶች በጥቂት ጥጥ ጥረጉ፤ ጥጡን የያዘ ቀለበት ስንጥቅ አለው፣ ነገ ክራችሁን ይበጥሳል።

በማጠንጠኛው ላይ 2500 የሚል ቁጥር ፈልጉ፤ ለዚህ ሥራ ልኩ ነው። «12 ኩሽኔታ አለው» ሲሏችሁ አትደነቁ፤ አራት ደህና ኩሽኔታ ከአሥራ ሁለት ዝገታም ይሻላል። ይልቅ ማኒቬላውን ያዙና ነቅንቁት፤ የሚንገጫገጭ ከሆነ መልሱት። ክር አስገቡበትና ፍሬኑን መካከለኛ አድርጋችሁ በእጃችሁ ሳቡ። ክሩ ያለ ንጥቂያ፣ እኩል እየተለቀቀ ከመጣ ያ ማጠንጠኛ ዓሣ ያወጣል። እየዘለለ ከመጣ የእኛን ልጅ ያስለቀሰው ወንድሙ ነው።

ክሩ የተገመደ ቀጭን ክር፣ 0.15 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን አይለጠጥምና ንክሻው ቶሎ ይሰማል። ጫፉ ላይ ግን አንድ ሜትር ያህል ወፈር ያለ የላስቲክ ክር ቀጥሉ፤ በበሰቃ ዳር ያለው ጥቁር ድንጋይ ቀጭኑን እንደ ምላጭ ይቆርጠዋል። የሐይቁ ውሃ ሶዳና ጨው ያዘለ ስለሆነም ከቤት ስትደርሱ ማጠንጠኛውን በአንድ ጣሳ ንጹሕ ውሃ አለቅልቁት። ይህ አንድ ጣሳ ውሃ ማጠንጠኛውን ከዝገት ያቆየዋል፤ ርካሹን ዕቃ ርካሽ የሚያደርገውም ዕድሜው ነው።

እውነቱንም አልደብቅ። የጎማ ዓሣ ሁሉን ዓሣ አያታልልም። ቆሮሶ በአመዛኙ በውሃ ውስጥ የሚበቅለውን ደቃቅ ዕፅ ተመጋቢ ነው፤ እርሱን የፈለገ ትንሽ መንጠቆና ትል ወይም ሊጥ ይያዝ። አምባዛ ግን አዳኝ ነው፤ ጭራው የሚርገበገብ የጎማ ዓሣ ከወለሉ አጠገብ ቀስ ብሎ ሲያልፍ ይመታል። በጣና ካሉት ትልልቅ የነጭ ዓሣ ዝርያዎችም ብዙዎቹ ዓሣ በል ናቸው። በጫሞና በባሮ ናይል ፐርች ስላለ፣ የአርባ ምንጭና የጋምቤላ ሰው ከእኔ የጠነከረ ዘንግና ማጠንጠኛ ያስፈልገዋል። «ዓሣን መብላት በብልሃት» ይባላል፤ ማጥመዱም እንዲሁ ነው፤ ከዕቃው በፊት ዓሣውን ዕወቁ። በአዋሽ ዳርም ሆነ በአካባቢው ውሃ ዐዞ አለና ከጠርዙ ራቁ፤ ያለ ፈቃድ ፓርክ ውስጥ አትግቡ።

ቀረኝ የመረቡ ጠበቃ። በመረብ ልጆቹን የሚያሳድገውን አጥማጅ አልነካውም፤ እንጀራው ነው። ነገር ግን ለቅዳሜ መዝናኛ መረብ ይሻላል ለሚል ሰው መልስ አለኝ። ዓይኑ የጠበበ መረብ እናትና ልጅ አይለይም፤ ውሃ ውስጥ ጠፍቶ የቀረ መረብም ባለቤት ሳይኖረው መግደሉን ይቀጥላል። ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም የወጣው አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከታወጀ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በዝዋይ የቆሮሶ መመናመን ግን ተመራማሪዎች ደጋግመው የጻፉት ነገር ነው። ዘንግ የያዘ ሰው አንድ ዓሣ ይይዛል፤ ትንሽ ከሆነ በእርጥብ እጁ ይዞ ይመልሰዋል። የእኛም ነቀፌታ አለብን፤ የተበጣጠሰ የጎማ ዓሣ ውሃ ውስጥ የሚጥል ሰው ቆሻሻ ጣለ እንጂ አላጠመደም። ቁርጥራጩን በኪሳችሁ ይዛችሁ ተመለሱ።

ከዚህም የሚበልጥ ምክንያት አለኝ። ልጅ ሳለሁ ወደ ሐረር ስንሄድ ከአውቶቡሱ መስኮት የሐረማያን ሐይቅ አይቻለሁ። በ1996 ዓ.ም. ገደማ ደረቀ። ለመስኖና ለከተሞች የተሳበው ውሃ፣ ከየኮረብታው የወረደው ደለል አንድ ሆነው አደረቁት። በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሷል፤ ተመስገን። ያን ጊዜ ግን ሐይቁ ከአንድ ወገን ብዙ ፓምፕ ነበረበት፤ ከሌላው ወገን በየሳምንቱ ዳሩ ቆሞ፣ «ዛሬ አንድ ክንድ ቀንሷል» የሚል ስንት ወዳጅ ነበረው? ዘንግ የያዘ ወጣት ሳይታወቀው የውሃ ዘበኛ ይሆናል። የሚወደውን ነገር ሲቀንስ ያያልና።

ስለዚህ ነጋዴው ሆይ፣ መጫወቻውን መጫወቻ ብለህ ሽጥ። ስም አምላኪው ወዳጄም፣ ልጆቹን በዋጋ አታስፈራራ። ወላጆችና አጎቶች ደግሞ፣ ሳጥኑን ትታችሁ ሁለትና ሦስት ወር ቆጥቡ፤ አንድ ደህና ማጠንጠኛ ግዙ።

እኔ ቆጠብኩ፤ ገዛሁም። ከአራት ወር ልመና በኋላ የእህቴ ልጅ እንደገና አብሮኝ በሰቃ ወረደ። ቀኑን ሙሉ አንድ ዓሣ አልያዝንም። ማታ በሚኒባሱ ውስጥ ማጠንጠኛውን ጭኑ ላይ አድርጎ ማኒቬላውን በቀስታ ሲያዞር ቆየ። ሚኤሶን ስናልፍ፣ «የሚመጣው ቅዳሜ ሥራ አለህ እንዴ ጋሼ?» አለኝ።

የሰበርነው ዘንጉን ብቻ መስሎን ነበር፣
የልጅ ቅዳሜ ነው አብሮት የሚሰበር።
ከባሕሩ ዳር ቆሜ ክሬን ወረወርኩት፣
ዓሣው አልመጣልኝ፣ ቀኔን አገኘሁት።
ሚዛን ላይ ያልወጣ፣ በብር ያልተለካ፣
ከእጄ እስከ ውሃው ተስፋ ነበር ለካ።