ያ መሐረብ የት ደረሰ?

የቴሌቪዥን የምስጢር ድራማ በታየ ማግሥት ተመልካቹ ስለ አንድ ቁልፍ፣ ስለ አንድ ደብዳቤ ወይም ስለ አንድ ቀለበት ሲከራከር የሚሰሙ አንዳንድ ምሁራን «የሥራ ፈት ወሬ ነው» ይላሉ። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ «ሰው ለሰው» በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲታይ፣ አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ መጨረሻው ምን ይሆን ተብሎ አገር ሲከራከርም ይኸው ተብሏል። ይህ አነጋገር ሕዝብን መናቅ ብቻ ሳይሆን የድራማን ምንነትም መሳት ነው።

ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን የሼክስፒርን «ኦቴሎ» እናስታውስ። ዴዝዴሞናን ለሞት ያበቃት አንድ መሐረብ ነው። ኢያጎ በካሲዮ ክፍል ጣለው፤ ኦቴሎም በሌላ እጅ ባየው ጊዜ ዕቃውን ተመለከተ እንጂ ዕቃው የመጣበትን መንገድ አልመረመረም። ታዲያ «ይህ ዕቃ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ አለፈ?» የሚል ተመልካች፣ ኦቴሎ ሳይጠይቀው የቀረውን መጠየቁ አይደለምን?

ይህም ልማድ ከባሕር ማዶ የመጣ አይደለም። ከሸዋ ሮቢት ወደ ምሥራቅ፣ የይፋትን ቆላ ይዞ ለወረደ ሰው የአፋር ዳጉ እንግዳ አይሆንበትም። መንገደኞች ሲገናኙ ቆመው፣ ያዩትንና የሰሙትን በዝርዝር ይለዋወጣሉ። ወሬው ከማን እንደተገኘ ይጠየቃል፤ በዓይን የታየው በጆሮ ከተሰማው ይለያል። አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ በሚገናኙበት በሰንበቴ የእሑድ ገበያም ከእህሉና ከከብቱ ጋር ወሬ ይመዘናል። በ2013 ዓ.ም. የአጣዬን ቃጠሎ ያየ የይፋት ሰው፣ «አየሁ»ን ከ«ሰማሁ» መለየት የሕይወት ጉዳይ መሆኑን ማንም ሊያስተምረው አይችልም።

እንግዲህ ወቀሳው የሚገባው ለማን ነው? በመጀመሪያ ደረጃ፣ ተመልካችን ለማጓጓት ብቻ ሽጉጥ አሳይቶ ከዚያ በኋላ ለሚረሳው ደራሲ ነው። ሩሲያዊው ቼኮቭ፣ በመድረክ ላይ የታየ ጠመንጃ ኋላ መተኮስ አለበት ሲል የጠየቀው ይህንኑ ኃላፊነት ነበር። የአፋርን ጊሌ ትርጉሙን ሳያውቅ ለጌጥ የሚያስታጥቅ አዘጋጅም ከዚሁ ተጠያቂነት አያመልጥም። በሁለተኛ ደረጃ፣ የገመተውን እንዳየው አድርጎ ለሚምል ተከራካሪ ነው፤ እርሱ ሳያውቀው የኦቴሎን ስሕተት ይደግማልና።

ስለዚህ መምህራን ክርክሩን አትናቁት፤ ወደ ክፍላችሁ አስገቡት። ተማሪው በመጀመሪያ ያየውን ይናገር፣ ቀጥሎ የገመተውን፤ ሁለቱንም ለየብቻ። ከዚህ የበለጠ የሂስ ትምህርት ከየት ይገኛል? የባህል ሠራተኞችም የውይይት መድረክ ክፈቱለት። ደራስያን ሆይ! ያሳያችሁትን ዕቃ ሁሉ ቁጠሩ፤ ሕዝቡ ቆጥሮታልና።