የወዳጅ ሞተር አማና ነው

ወዳጃችን ከመካነ ሰላም ወደ አቀስታ ሲጓዝ ጠጠሩ አንሸራተተውና ከነትንሿ ሞተር ብስክሌቱ ወደቀ። አልሐምዱሊላህ፣ እሱ በጭረት ተረፈ፤ ሞተሯን ግን «እናንተው ጠግኑልኝ» ብሎ አስረከበን።

የተሰበረው መብራትና የጎበጠው መሪ ቀላል ነበሩ። የሚያሳስበው የማይታየው ነው። የፊት ጎማውን የሚይዙትን የፎርኬታ ቱቦዎች ፈትተን በወፍራም መስተዋት ላይ ስናንከባልላቸው አንዱ ተንገዋለለ፤ ጎብጧል። መሪው ከሻንሲው በሚጋጠምበት ብየዳ ላይም ቀለሙን ፍቀን ብናይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አገኘን።

ወዳጃችን ግን ቸኩሏል። «ቱቦውን አቃኑት፤ ስንጥቁን ቀለም ቀቡትና ስጡኝ» አለ።

ውድ አንባብያን፣ እዚህ ላይ ይሉኝታ ፈተነን። ነገር ግን የጎበጠ ቱቦ ቢቃናም እንደ ቀድሞው አይታመንም፤ ስንጥቅም በቀለም ሥር ሆኖ በየጉድጓዱ ይረዝማል። ቁልቁለት ላይ ቢበጠስ ተጠያቂው ማን ነው? እምቢ አልነው፤ ተቀየመን።

አዲስ ቱቦ ከደሴ አስመጣን፤ ሻንሲውን ለሠለጠነ በያጅ ሰጠን። ፍሬኑን ፈትሸን፣ በዝግታ ነድተን ካየናት በኋላ የሠራነውንም ያልሠራነውንም ነግረን አስረከብነው። ቅያሜው አለፈ።

ወጣቶች ሆይ! ወዳጅን ማስደሰት መልካም ነው፤ ጉድለትን ሸፍኖ ማስደሰት ግን አማናን መብላት ነው።