የፍየሉ ሐኪም ዕዳ
(ለክቡር የትምህርት ሚኒስትር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ)

ሰቆጣ፣ ሚያዝያ 2017 ዓ.ም.

ክቡር ሚኒስትር ሆይ፤

ዕድሜዬን በመምህርነት ፈጽሜ፣ በጡረታ ዘመኔ ከአባቶቼ በወረስሁት ጥቂት ማሳና በአሥራ አንድ ፍየሎች የምተዳደር የሰቆጣ ሰው ስሆን፣ ለመንግሥት ባለሥልጣን ብዕር አንሥቼ የማላውቅ ሰው ዛሬ የተነሣሣሁት፣ አንድን ጉዳይ ከሩቅ ሲያዩት የአንድ ወጣት የግል ችግር የሚመስል፣ ቀርበው ሲመረምሩት ግን የዋግ ኽምራ ሕዝብ የኑሮ መሠረት የተያያዘበት ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

ባለፈው ዓመት በሰኔ መባቻ፣ ከከተማችን በእግር የግማሽ ቀን መንገድ በሆነች መንደር፣ የአንድ ዘመዴ ላም ማታ ደኅና ገብታ ጧት እየተንቀጠቀጠች ወደቀች። በክት ሳትሆን ትታረድ ብሎ ሰው ቢላዋ ሲስል፣ ቅጠል ሲጎዘጉዝ፣ ሕፃናቱም ተኮልኩለው ሲጠባበቁ፣ በመንደሩ ለክትባት መጥቶ የነበረው ወጣት የእንስሳት ሐኪም እየሮጠ ደረሰ። ላሚቱ በፊቱ ሞተች፤ ከአፍንጫዋም የማይረጋ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ደም ወረደ። ወጣቱም በሬሳውና በሰዎቹ መካከል ቆሞ፣ «ይህ አባ ሰንጋ ነው፤ ቆዳዋን የነካ፣ ሥጋዋንም የቀመሰ ይሞታል፤ አንድም ሰው ቢላዋ አያሳርፍባት» አለ። ድርቁ ጎተራውን ያራቆተበትን ሰው ከሥጋ መከልከል ቀላል አልነበረምና፣ ይለምን፣ ይቆጣ፣ ደግሞ ይለምን ነበር። በመጨረሻ ራሱ ዶማ አንሥቶ ከጎበዛዝቱ ጋር ከሰው ቁመት የጠለቀ ጉድጓድ ሲቆፍር ዋለ፤ የበሽታው ዘር በአፈር ውስጥ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሳይሞት እንደሚኖር እያስረዳም ሬሳውን ኖራ አልብሶ አስቀበረ።

ያን ሌሊት ከእኔ ዘንድ አደረ። ራት ከበላን በኋላ ከደረት ኪሱ በፕላስቲክ የተጠቀለለ፣ ጠርዙ ያለቀ ወረቀት አወጣና፣ «የኔታ፣ ስድስት ዓመት ተምሬ በእጄ ያለው ይህ ነው» ብሎ አሳየኝ። ተማሪዎች ቴምፖ የሚሉት ጊዜያዊ የምስክር ወረቀት ነበረ። ዋናው ዲግሪ ኮስት ሼሪንግ የሚሉትን ዕዳ ከፍሎ ማስረጃውን እስኪያቀርብ ድረስ በተማረበት ቤት ተቀምጧል። ከጥቂት ወራት በኋላም ልጁ ሥራውን ለቆ ደመወዙ ወደሚሻልበት ከተማ ሄደ። አልፈረድሁበትም፤ የታመመች እናት አለችው።

ክቡር ሆይ፤ ሕጉን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። የከፍተኛ ትምህርት የወጪ መጋራት ደንብ በ1995 ዓ.ም. በቁጥር 91 ሲደነገግ፣ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ የትምህርቱን ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ እንዲጋራ፣ ከተመረቀም በኋላ ከወር ገቢው ከ10 በመቶ የማያንስ እያስቆረጠ እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጊዜ ውስጥ እንዲያጠናቅቅ አደረገ። ድሀው ገበሬ በግብሩ የባለጸጋውን ልጅ ብቻውን እንዳያስተምር የታሰበ ነውና፣ የደንቡን መንፈስ አልቃወምም። ሆኖም በያዝነው ዓመት የአንድ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ሲል፣ በ22 ብር ሦስት ጊዜ መብላት እንደማይቻል ስለምናውቅ ደስ ቢለንም፣ የምግቡ ወጪ በሙሉ በተማሪው ስም የሚመዘገብ ከሆነ ዕዳውም አብሮ እንደሚያድግ ማሰብ ይገባል። ተማሪው በዓመት 300 ቀን ከግቢ ቢመገብ፣ የምግቡ ሒሳብ ብቻ በቀድሞው ተመን 6,600 ብር የነበረው 30,000 ብር ይሆናል፤ አራትና አምስት ዓመት ለሚማረው እንኳ ከባድ የሆነው ይህ ሸክም፣ ከመጀመሪያው የጋራ ዓመት ጋር ስድስት ዓመት በሚማረው የእንስሳት ሐኪም ላይ 180,000 ብር ደርሶ ያርፋል። የመንግሥት ክሊኒክ ደመወዝ ለሚበላ ወጣት ይህ ቀንበር ነው፤ ቀንበሩም የሚገፋው ከገጠር ወደ ከተማ ነው።

ለምን ስለ እንስሳት ሐኪም ብቻ እጮኻለሁ? የእኛ ሀገር ኑሮ በእንስሳ ላይ የቆመ ስለሆነ ነው። ከተከዜ ቆላ እስከ ደጋው ጫፍ መሬቱ ገደልና ድንጋይ ነው፤ ዝናቡም እንደ ተስፋ ሳይሆን እንደ ዕጣ ይመጣል። ስለዚህ አዝመራው ሲከዳ የሚቀረው የአበርገሌ ፍየል ነው፤ ግንደ አጭር፣ ጥም የሚችል፣ በቅጠልና በቁጥቋጦ ኖሮ ወተት የሚሰጥ ፍጥረት ነው። በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሰቆጣ ሲደርስ ብዙ ሰው ከብቱን ጥሎ ተሰደደ፤ ከዚያም በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ድርቁ በሰሃላና በዝቋላ ወረዳዎች የተረፈውን ፈጀው። አንዲት ፍየል ብቻ የቀረችው እናት፣ ያቺ ፍየል ደስታ መሰል በሚባለው በሽታ በአንድ ሳምንት ስትሞትባት፣ የልጇ ወተት ከዚያች ቀን ጀምሮ ተቋረጠ ማለት ነው። ከተማችንም ስሟን የሰጠችለት የሰቆጣ ቃል ኪዳን፣ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት የገባው ኪዳን ነውና፣ ያን ኪዳን የፈረመ መንግሥት የወተቱን ጠባቂ በዕዳ ከሰቆጣ ሲያስለቅቀው ማየት ያሳዝነኛል።

ሐኪም የጎደለበት ዘመን ምን እንደሚመስል አያቶቻችን ነግረውናል። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ከምጽዋ በኩል የገባው የከብት እልቂት፣ የደስታ በሽታ፣ በሬውን ጨርሶ ማሳውን ጦም አሳደረ፤ ከእርሱም በኋላ ክፉ ቀን የተባለው ረኀብ ሕዝቡን ፈጀ። ያ በሽታ በ2000 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ከዓለም ፈጽሞ መጥፋቱ የተረጋገጠው፣ ክትባት ይዘው በበረሓ የተንከራተቱ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው።

ልመናዬም ይህ ነው። ደንቡ ራሱ በመምህርነት ለሚያገለግል ምሩቅ ዕዳውን በገንዘብ ፈንታ በአገልግሎት እንዲከፍል መንገድ ከፍቷልና፣ ይኸው መንገድ እንደ ዋግ ኽምራ ባለ አስቸጋሪ ስፍራ ለሚያገለግል የእንስሳት ሐኪምም ይከፈትለት፤ ያገለገለበት እያንዳንዱ ዓመት ከዕዳው እየተቀነሰ፣ በአምስተኛው ዓመት ፈጽሞ ይሠረይለት። ዋናው ዲግሪም አገልግሎቱን እንደ ጀመረ ይሰጠው፤ ወረቀቱን መያዝ ሰውን በቂም ያስቀምጠዋል እንጂ በፍቅር አያስቀምጠውምና። ነገሩ ለዓለም እንግዳ አይደለም። ደንባችን በወጣበት በፈረንጆቹ 2003 ዓመት፣ በአሜሪካ ደግሞ ሐኪም በጎደለበት ገጠር ለማገልገል ቃል የሚገባ የእንስሳት ሐኪም የትምህርት ዕዳውን መንግሥት እንዲከፍልለት የሚያደርግ ሕግ ወጣ። እኛም ብንሆን በየሰባቱ ዓመት ዕዳ የሚተውበትን ዓመተ ኅድገት ከኦሪት ዘዳግም ስናነብ ያደግን ሕዝብ ነን።

ግምጃ ቤቱ ይጎዳል የሚል አማካሪ አይጠፋም። ያ አማካሪ አባ ሰንጋ ይዞት ወደ ሆስፒታል የሚገባ አንድ ገበሬ የሚያስወጣውን መድኃኒት፣ ድርቅ ሲመጣም በመኪና የሚጫነውን የርዳታ እህል፣ ከአንድ ወጣት ዕዳ አጠገብ አስቀምጦ ይመዝነው ዘንድ እለምናለሁ።

ላሚቱ የተቀበረችበት ያ ጉድጓድ ዛሬ በእሾህ ታጥሯል፤ እረኞቹም ልጁ እንዳስተማራቸው ዙሪያውን ይሄዳሉ እንጂ ከብት አያስገቡበትም። ክረምቱ ሳይገባ የሚሰጠው የአባ ሰንጋ ክትባት ጊዜው በሚመጣው ወር ነው፤ የእርሱ ወንበር ግን እስከ ዛሬ ሰው አልተቀመጠበትም።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የሰቆጣ ጡረተኛ መምህር