ሁለቱም ቀይ ናቸው፤ አንድ ግን አይደሉም

ዶክሶሩቢሲን የተባለውን የካንሰር መድኃኒት ብዙ ታካሚና አስታማሚ የሚያውቀው በቀለሙ ነው። ቀይ ነው። ይኸው መድኃኒት ሊፖዞም በሚባሉ፣ በዓይን በማይታዩ የስብ ከረጢቶች ውስጥ ታሽጎም ይዘጋጃል። እሱም ቀይ ነው። ብልቃጦቹን ጎን ለጎን ይዞ በብርሃን ላያቸው ሰው መደበኛው ጥርት ያለ፣ የሊፖዞሙ ደግሞ ደብዘዝ ያለ ነው። በጥድፊያ ላይ ያለ ሰው ይህን ላያስተውል ይችላል። ስለዚህ እናሳስባለን።

አንዱ በሌላው አይተካም። መደበኛው ለብቻው ሲታዘዝ በአንድ ካሬ ሜትር የሰውነት ስፋት ከ60 እስከ 75 ሚሊግራም በየ21 ቀኑ ይሰጣል። የሊፖዞሙ ለኦቫሪ ካንሰር 50 ሚሊግራም በየ28 ቀኑ፣ ለካፖሲ ሳርኮማ ደግሞ 20 ሚሊግራም ብቻ ነው። በስሙ ተሳስቶ የአንዱን መጠን ለሌላው ያሰላ ባለሙያ ስህተቱን የሚያውቀው መድኃኒቱ ከገባ በኋላ ሊሆን ይችላል። ከረጢቱ መድኃኒቱን ለቀናት በደም ውስጥ ይዞ ስለሚዞር፣ የአፍ ቁስለቱ፣ የመዳፍና የውስጥ እግር ቆዳ መላጡ፣ የነጭ ደም ሕዋስ መመናመኑ በኋላ ይመጣል። ሌላው የካንሰር መድኃኒት ፓክሊታክሴልም እንዲሁ ነው፤ አልቡሚን ከሚባል ፕሮቲን ጋር የተዘጋጀው በመደበኛው ምትክ አይሰጥም።

እንዲህ በጥቃቅን (ናኖ) ቅንጣቶች ስለሚዘጋጁ መድኃኒቶች «ናኖ ስለሆነ ዕጢውን ብቻ ነው የሚመታው» የሚለው ወሬም ያዘናጋል። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 የአሥር ዓመት የእንስሳት ጥናቶችን ሲመረምሩ፣ ከተሰጠው የናኖ ቅንጣት ዕጢው ጋ የደረሰው በመካከለኛ ልኬት (ሚዲያን) 0.7 በመቶ ገደማ ነበር። ብዙው ጉበትና ጣፊያ ላይ ይቀራል። መድኃኒቶቹ አይረቡም ማለት አይደለም፤ የሊፖዞሙ አሜሪካ ውስጥ ከ1995 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው፤ ልብንም ከመደበኛው ያነሰ ይጎዳል። ያነሰ ይጎዳል እንጂ አይጎዳም አልተባለም። የልብ ምርመራችሁን አትዝለሉ። መድኃኒቱ መንጠብጠብ ሲጀምር ደረታችሁ ከተጨነቀ፣ ፊታችሁ ከቀላ ወይም ወገባችሁን ካመማችሁ፣ «ያልፋል» ብላችሁ አትታገሡ፤ ነርሷን ወዲያው ጥሩ። እንዲህ ያለ ምልክት በቀላሉ አይታይም፤ አንዳንድ ሐኪሞች ለኤምአርአይ ምስል በሚጠቀሙበት ፌሩሞክሲቶል በተባለው የብረት ናኖ ቅንጣት ላይ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2015 ጥብቅ ማስጠንቀቂያ ያወጣው፣ በአለርጂ ሳቢያ ሰው ስለሞተ ነው።

ከዱባይ፣ ከሕንድ ወይም ከአሜሪካ መድኃኒት በሻንጣ የምትልኩ ወገኖች፣ ፍቅራችሁን እናውቃለን። የሊፖዞሙ መድኃኒት ግን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ውስጥ መቆየት አለበት። ሙቀት ብቻ አይደለም ጠላቱ፤ እንዳይበላሽ ተብሎ በረዶ ላይ ቢያስተኙትና ቢረጋ ከረጢቱ ሊጎዳ ይችላል። ከመግዛታችሁ በፊት የሐኪሙን ማዘዣ ፎቶ አስልካችሁ ስሙን ፊደል በፊደል አመሳክሩ። በመንገድ ላይ በምን ሁኔታ እንደቆየ የማይታወቅ ብልቃጥ ከመጣም ለፋርማሲስቱ እውነቱን ንገሩት።

እናንተ በግዢ፣ በቁጥጥርና በሆስፒታል አስተዳደር ላይ ያላችሁ ኃላፊዎች፣ «ዶክሶሩቢሲን» ብቻ ብሎ የሚያልፍ ማዘዣ እንዳይስተናገድ አድርጉ። «ሊፖዞማል» የሚለው ቃል በማዘዣው፣ በጥያቄ ቅጹና በታካሚው ካርድ ላይ ሙሉ ተጽፎ ይገኝ። መጠኑን የሚያሰላው አንድ ሰው፣ የሚያረጋግጠው ሌላ ሰው ይሁን። ሁለቱ ብልቃጦች በአንድ ማቀዝቀዣ መደርደሪያ ላይ ተደባልቀው ከሆነ ዛሬውኑ ይለዩ።